ከጠፋህ ቁጭ በል፦ አምስት ቀን በሰሜን ሸዋ

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በ2010 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ ላይ ነው። ደብተሩ ሰሞኑን ቁም ሳጥን ስናጸዳ ተገኘ። ገጾቹ መሐል የደረቀ ሣርና የታጠፈ ፎይል አለ። ፎይሉ ላይ የጫማ ኮቴ ታትሟል። የእጅ ጽሕፈቴ የማይነበብበትን ቦታ እየገመትኩ፣ የተሳሳትኩትን እንዳለ ትቼ ገለበጥኩት።

ነገሩ የተጀመረው ጃን ሜዳ ነው። የዚያ ዓመት ጥምቀት ላይ የእህቴ ልጅ ማሙሽ ጠፋብን። ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ግን ማሙሽ እንደተባለ ቀርቷል። አርባ ደቂቃ ፈለግነው። እሱም አርባ ደቂቃ ሙሉ እኛን ሲፈልግ ነበር። ኋላ ስንጠይቀው፣ በተለያየንበት ጃንጥላ ሻጭ አጠገብ ሦስት ጊዜ አልፏል። እኛም እዚያው ሻጭ ጋ ሁለት ጊዜ ደርሰናል። እዚያው ቆሞ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገኝ ነበር። እህቴ ያን ዕለት የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲመጣ ልጆቹን ደጋ ይዤ ልውጣ አልኩ። ጫካና ሜዳ ላይ የጠፋ ልጅ ሰው እስኪያገኘው እንዴት እንደሚቆይ ላስተምራቸው። ትልቁ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ሚጣ 8። ማሙሽ ሦስተኛ። አባቱ፣ ማለትም አማቼ፣ አሮጌ ቪታራውን ይዞ ሾፌር ሆነ። ዕቅዱን ለእናቴ ስነግራት “አንተ ራስህ መርካቶ ገብተህ መውጫው ይጠፋህ የለም እንዴ?” አለችኝ። ሳቅን።

ሐሙስ፣ ጥር 24 – ደብረ ብርሃን

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፈን 130 ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሰዓት ጨረስነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ አማቼ ደግሞ የሚያወራው ስለ ቪታራዋ ካንዴላ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው አቆሟት ይባላል። ልጆቹ ግን ከመኪና ሲወርዱ ያዩት ብርሃን አልነበረም። ነፋስ ነው። ሚጣ “አባዬ፣ ማነው ፍሪጅ የከፈተው?” አለች።

ከሰዓት በኋላ ያረፍንበት ሆቴል ጓሮ ውስጥ እሳት ማንደድ ጀመርን። በነገራችን ላይ ይህን እዚህ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ነገ ጫካ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ደረቅ ሣር ውስጥ ነን፤ እዚያ ክብሪት ከቦርሳ አይወጣም። ክብሪቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌዋለሁ። እርጥበት እንዳይነካው ነው። የሚይዘው ትልቁ ልጄ ብቻ ነው።

ጭራሮውን ከታች፣ ወፍራሙን እንጨት ከላይ፣ እንደ ጎጆ አድርጌ ደረደርኩ። በጣም ያምራል። አምስት ክብሪት ጨረስኩ፤ ጭስ ብቻ። ወጥ ቤት የሚሠሩት እናት ከበር ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና መጡ። “አፈንከው እኮ ልጄ!” አሉና ግማሹን እንጨት አነሱት። ቀጥለው ከወጥ ቤት አንድ ደረቅ ኩበት አምጥተው በእጃቸው ሰበሩት። ስባሪውን ከጭራሮው ሥር ሸጎጡ፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ፈትለው ለኮሱ፣ እፍ አሉ። አለቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ።

ኩበት እንደ እንጨት ቦግ ብሎ አይነድም፤ ቀስ ብሎ ይግማል። እሳቸው እንደነገሩን ማታ አመድ ውስጥ የቀበሩት ኩበት ጠዋት ፍሙን እንደያዘ ይገኛል። ትልቁ ልጄ ይህን በደብተሩ ጻፈ። እኔ የደረደርኩትን ጎጆ ግን አልጻፈም።

ማታ ክፍል ውስጥ የኮቴ ሥራ ሠራን። ፎጣ ወለል ላይ ይነጠፋል። ላዩ ላይ የወጥ ቤት ፎይል። ልጁ ጫማውን አድርጎ አንዴ ጠበቅ አድርጎ ይረግጠዋል። የሶሉ መስመር፣ የተበላው ተረከዝ፣ የተሰነጠቀው ጫፍ ሁሉ ፎይሉ ላይ ይቀራል። ስሙን ትጽፍበታለህ። ልጁ ከጠፋ ፈላጊዎቹ የማንን ዱካ እንደሚከተሉ ያውቃሉ። ይህን ያወጡት አሜሪካኖች ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ ተራራ ላይ ጠፍቶ ሞተ። እሱን ሲፈልጉ ከነበሩት መሐል የተወሰኑት ለልጆች የሚሆን ትምህርት አዘጋጁ። ዋናው ነገር አጭር ነው፦ መጥፋትህን እንዳወቅህ አንድ ዛፍ ያዝና ከሥሩ አትነቃነቅ። ፊሽካ ይኑርህ፤ ሦስት ሦስት ጊዜ ትነፋዋለህ። ትልቅ ፌስታል ይኑርህ፤ ለፊትህ ቀዳዳ አውጥተህ ትለብሰዋለህ። ቀዳዳው የግድ ነው። ፌስታል ፊት ላይ አይጠለቅም፤ ይህንን ለሚጣ አራት ጊዜ አስደገምኳት።

ከሁሉም የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ብዙ የጠፉ ልጆች ፈላጊ ሲጠራቸው እየሰሙ ይደበቃሉ። አንዳንዱ የማያውቀውን ሰው ስለሚፈራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ መጥፋቱ ራሱ ጥፋት ስለሚመስለውና ቁጣ ስለሚፈራ። በእኛ ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሙሽን ጠየቅኩት። “ጃን ሜዳ ላይ እማዬ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር” አለ። አማቼ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ስለዚህ አንድ ቃል ገባንላቸው፤ በየተራም አስደገምናቸው። “የጠፋ ሰው ሲገኝ ማንም አይቆጣውም።”

ዓርብ፣ ጥር 25 – አንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው እየሄደ እየሄደ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ተራራ፣ ከተራራው ወዲያ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ። አፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት መቀመጫቸው እዚህ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ወጥተን ሳለ ለምን እንደመረጡት ማሙሽ ገባው፦ “ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያላ።”

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የዱላ ጥላ ሠራን። አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ መሬት ላይ ትተክላለህ። የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ታስቀምጣለህ። ሩብ ሰዓት ትጠብቃለህ፤ ጥላው ይሸሻል። አዲሱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠጠር። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ ነው፣ ሁለተኛው ምሥራቅ። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ጥላው በተቃራኒው ይሄዳላ።

ችግሩ ሩብ ሰዓቱ ነው። ልጅ ጠጠር ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚጣ በሦስተኛው ደቂቃ ጠጠሩን አንስታ ወረወረችው። እንደገና ጀመርን። ማሙሽ “አጎቴ፣ ስልክህ ላይ ኮምፓስ አለ እኮ” አለኝ። አለ። ቆይ፣ እሁድ እንመለስበታለን።

እዚያው ሳለን ትልቁ ልጄ ለሽንት ወደ አጥር ጥግ ሄዶ ጮኸ። ሳማ ነው። ክንዱ ላይ ነጫጭ እብጠት ተደረደረ። እኔ ውሃ ፍለጋ ስሮጥ፣ ጄሪካን ያዘለች ልጅ በመንገድ ስታልፍ አየችን። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። “ቱልት ከእግርህ ሥር እያለ!” አለችው። ሰፊ ቅጠል በጠሰች፣ በመዳፏ መሐል ጨመቀች፣ ክንዱን አሸችው። ቅጠሉ ይሁን ማሸቱ ወይም የልጅቷ ዓይን፣ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልጄ ዝም አለ። ስንሄድ እንዳታክከው አለችው። ሳማ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እንደ መርፌ ናቸው። ባከክኸው ቁጥር የተሰበሩት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ደጋው ላይ ይህንኑ ሳማ ለጋውን ቀጥፈው፣ ቀቅለው ወጥ ይሠሩበታል። ልጆቹ አላመኑኝም።

የሚበላና የማይበላ ቅጠል ላስተምር ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ አስተናግር በቅሏል፤ ነጭ የጥሩንባ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ። ማሙሽ ፍሬውን ሰንጥቆ ጥቁር ዘሩን እያየ “ይበላል?” አለ። የበላው ሰው ያስለፈልፈዋል፣ ያሳብደዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ እንዶድ ነበር። ፍሬው ቀይ፣ የሚያጓጓ፣ ግን መርዝ ነው። እረኛ ልጅ እምቧጮ እያኘከ ቢውል ያውቀዋል፤ ከእናቱ ጋር አብሮ አድጎበታል። የቦሌ ልጅ በሁለት ቀን አያውቀውም። ደግሞም ልጅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። በረሃብ አይሞትም፤ ብርድና ገደል ነው የሚገድለው። ስለዚህ ደንቡን አሳጠርኩት፦ ከቦርሳህ ቆሎና በሶ ሌላ ምንም አትብላ።

ማታ ጾም ስለሆነ ሽሮ በላን። ጨረቃ ከሞላች ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ዘግይታ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ያለው ጨለማ ውስጥ ልጆቹ ኮከብ እንዲህ ብዙ መሆኑን አዩ። ትምህርት አልነበረም፤ ዝም ብለን አየን።

ቅዳሜ፣ ጥር 26 – ወደ መንዝ ጓሳ

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰን ጣርማ በር ደረስን። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ሳይደርስ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ መንዝ ይወስዳል። ጉሙ ወፍራም ስለነበረ መታጠፊያውን አልፈነው ዋሻው አፍ ላይ ደርሰን ተመለስን።

እዚህ ቆመን አንድ ነገር አሳየኋቸው፤ ከጉዞው ሁሉ ይህ ይቅርባችሁ የማልለው ነው። የውጭ ሰዎች የሚጽፉት ምክር ላይ “ከጠፋህ ወንዝ ተከትለህ ውረድ፣ ሰው ታገኛለህ” የሚል አለ። ምናልባት በእነሱ አገር ይሠራል። ይህ ሸንተረር ግን ውሃ የሚከፈልበት ነው። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ጀማና ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ። በምሥራቁ በኩል ያለው ጅረት ሜዳ ለሜዳ ጥቂት ይፈስና ገደል ላይ ደርሶ ይወረወራል። እሱን የተከተለ ልጅም አብሮ ይወረወራል። “እዚህ አገር ውሃ አትከተሉ” አልኳቸው። በቃሌ ነው ያልኩት። ኋላ እንድታስታውሱልኝ።

መንገድ ላይ ጎማ ለማየት ስንቆም ሁለት የበግ ውሾች መጡብን። ሚጣ ልትሮጥ ስትል ጠባቂው ልጅ ከሩቅ “ጎንበስ በይ! ጎንበስ!” አለ። ጎንበስ ብላ ድንጋይ የምታነሳ መሰለች። ውሾቹ ቆሙ። ልጁ የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ ደፍቶታል። ጀርባውን እስከ ጉልበቱ ይሸፍንለታል። እኔ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ሥራው ይኸው ነው። አባቶቹ ከሣር ገሳ ይሠሩ ነበር፤ እሱ ከማዳበሪያ ሠራ።

ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በፊት። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የመንዝ ሰው በጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይፈትላል። ሣሩ እንዳያልቅ ደግሞ ራሱ ደንብ አውጥቶ ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ተራው ሲደርስ ከፍቶ ያጭዳል። ይህ ደንብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሠራበት እንደነበር ይነገራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስካሁን እዚህ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ስድሳ የሚጠጉ ሰው፣ አብረውን እንዲሆኑ ተመደቡ። ልጆቹ “አባባ” አሏቸው። ከኛ ልብስ አንድ ነገር ዓይናቸው ገብቶ ኖሮ፣ የኔን ጅንስ በጣታቸው ያዝ አድርገው “ይሄ ጥጥ ነው?” አሉ። ነው። “ከረጠበ ይገድልሃል።” የራሳቸውን ባና አስነኩኝ። የመንዝ በግ ፀጉር ነው፤ ከብዶ ይጎረብጣል። ግን ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ጥጥ ሲረጥብ ገላህ ላይ ይለጠፍና ሙቀትህን ይመጠዋል። ይህን እኔ በወረቀት አንብቤዋለሁ። ጅንስ ግን ለብሻለሁ።

ማታ ውሃ አፈላን። ትልቁ ልጄ ሰዓት ያዘ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 89 ላይ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው። ለመጠጥ የሚሆን የምንጭ ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ መንተክተክ አለበት። መጀመሪያ በነጠላ አጠለልነው። ማጥለል አልቅትና ገለባ ያስቀራል እንጂ በሽታ አያስቀርም። አባባ ነጠላውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅ እያሉ አፋቸውን ምንጭ ላይ ደፍተው ጠጥተው አልቅት ጉሮሯቸው ውስጥ ተጣብቆባቸው ያውቃል። ታሪኩን ከነደሙ ስለነገሩን ሚጣ እራቷን አልጨረሰችም።

አማቼ “ለብርዱ” ብሎ አረቄ አመጣ። አረቄ ያሞቃል መባሉ ውሸት ነው። ደሙን ወደ ቆዳህ ያወጣዋል፤ አንተ ሞቀኝ ትላለህ፣ ሰውነትህ ግን ሙቀቱን ለነፋስ እየሰጠ ነው። ይህን አስረዳሁት። “ገባኝ” አለና ደገመ።

እሁድ፣ ጥር 27 – ጓሳ

ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ አስመስሎታል። ሃይላንድ ውስጥ የነበረው ውሃ ላዩ ረግቷል። ስልኬ ትናንት ማታ 60 በመቶ ነበረ፤ ከሱሪ ኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ስላሳደርኩት ጠዋት ሞቷል። ብርድ ባትሪ ይበላል። ማሙሽ “ኮምፓሱስ?” አለኝ። ዝም አልኩ።

3 ሰዓት ላይ ሜዳውን ወደ ምሥራቅ ይዘን ወጣን። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ ነበር፤ ሌሊቱን ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። አባባ ቀይ ቀበሮ አዩ። አማቼና ትልቁ ልጄ ተከትለዋቸው ሄዱ። እኔ ከሁለቱ ጋር ቀረሁ። ሚጣ ሽንቷ መጣ፤ ሃምሳ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ካለ ጅባራ ኋላ ሄደች። ማሙሽ የጫማ ክሩ ተፈትቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት።

ቀና ስል ጅባራው የለም።

ጉም ነው። ከቆላው በገደሉ በኩል ወጣ። ሲመጣ አላየሁትም። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። “ሚጣ!” አልኩ። ፊሽካ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ። ደስ አለኝ፤ አልረሳችም። ግን ከየት ነው? ከግራ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ። ነፋሱ ድምፁን ያዞረዋል።

ማሙሽን “እዚሁ ቁጭ በል፣ ፌስታልህን ልበስ” አልኩት። ለበሰ፤ ቁጭ አለ። የኔን ቦርሳ ሥሩ አደረግኩለት። እኔ ወደ ፊሽካው ሄድኩ።

ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ በሉ ያልኩት ሰው፣ የራሱን ፊሽካ ለትልቁ ልጁ ሰጥቶ፣ ቦርሳውን ትቶ፣ ጉም ውስጥ ተነሥቶ ሄደ። እኔ እኮ አልጠፋሁም። እኔ ፈላጊ ነኝ። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሃያ እርምጃ ሄጄ ጅባራ አገኘሁ። ያ አይደለም። ሌላ ጅባራ። ያም አይደለም። ጅባራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ወደ ማሙሽ ልመለስ አልኩ፤ ማሙሽም የለም። ጠራሁት፤ የመለሰልኝ ከሩቅ ነው ወይስ ከቅርብ ለማወቅ አልቻልኩም። እዚህ ላይ ልቤ መምታት ጀመረ። መራመድ ፈጠንኩ። ለምን እንደፈጠንኩ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ እግሬ ነው የወሰነው።

ጥቂት ቆይቶ እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ዱካ አየሁ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጫማ አድርጓል። አማቼ ነው ብዬ ተከተልኩት። ዱካው ሲዞር ዞርኩ። ወደ ትንሽ ጅረት አወረደኝ። ጅረቱ ወደ መንገድ ይወርዳል ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እኔ። ትናንት ጣርማ በር ላይ ያልኩትን የተናገርኩት እኔው።

ጅረቱን ተከትዬ መቶ እርምጃ ያህል ወረድኩ። ከዚያ የውሃው ድምፅ ተለወጠ። ሲንሾካሾክ የነበረው ዝም አለ። ከፊቴ ጉም ብቻ ነው፤ ግን ከሥሬ ነፋስ ወደ ላይ ይነፍሳል። ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩ። ሲወድቅ አልሰማሁም።

ቁጭ አልኩ። ወስኜ አይደለም፣ ጉልበቴ ነው የከዳኝ። በቂጤ ወደ ኋላ እየተንፏቀቅኩ አንድ ድንጋይ ጥግ ገባሁ። ጅንሱ ርሷል። መንቀጥቀጥ ጀመርኩ፤ ጥርሴ ይጋጫል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።

ፊሽካ ሰማሁ። ሦስት። ጸጥታ። ሦስት። አሁን ስለማልንቀሳቀስ ከወዴት እንደሆነ ለየሁት፤ ከኋላዬ፣ ከላይ። ጮህኩ፤ ድምፄ ተሰነጠቀ። ወገቤ ላይ የብረት ኮዳዬ አለ። በቤት ቁልፍ ሦስት ጊዜ መታሁት። ጠበቅኩ። ሦስት ጊዜ መታሁት። ከላይ ሦስት ፊሽካ መለሰልኝ።

አባባ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ጠብመንጃቸው ትከሻቸው ላይ፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። “ደህና ነህ?” አሉ። ባናቸውን አወለቁና ደረቡልኝ። ገደሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ገደሉን በተመለከተ ምንም አላሉም። በእጄ ይዘውኝ ስንወጣ ያን ዱካ በዱላቸው አሳዩኝ። “ይሄ ሰው ሦስት ጊዜ ዞሯል።” እግሬን አነሣሁ። ሶሉ አንድ ነው። ስከተለው የነበረው እኔን ነው።

ይህ እኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጀርመኖች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎችን ጫካና በረሃ ውስጥ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አድርገው ተከታትለዋቸዋል። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታይ ቀጥ ብለው ሄዱ። ደመና ሲሸፍናት ሳያውቁት ዞረው የራሳቸውን መንገድ አቋረጡ። ቀጥ ብለን እየሄድን ነው ብለው ግን እርግጠኞች ነበሩ።

ሁለቱ ልጆች አንድ ድንጋይ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አባባ መጀመሪያ ያገኙት ሚጣን ነው፤ ከጅባራው ሥር ንቅንቅ አላለችም። ከእሷ ማሙሽ የነበረበት ቦታ አርባ እርምጃ ነው። ሁለቱም ጥቁር ፌስታል ለብሰው፣ በቀዳዳው ፊታቸው ብቻ ወጥቶ፣ ሁለት ቁራ መስለዋል። ደረቅ ናቸው። ቆሎ እየበሉ ነው።

ሚጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጭቃዬን፣ ባናውን፣ የሚንቀጠቀጠውን አገጬን።

“አባዬ፣ ጠፍተህ ነው?”

“አዎ።”

“አይዞህ። ማንም አይቆጣህም” አለችና ቆሎ ዘገነችልኝ።

ሰኞ፣ ጥር 28 – ወደ አዲስ አበባ

ጠዋት ሰማዩ እንደ መስታወት ነው። አባባ ትናንት የተቀመጥኩበትን ቦታ በፀሐይ ላሳይህ አሉኝ። አልሄድኩም። ለልጆቹ ከጓሳ ሣር ገመድ ሲፈትሉ አሳዩአቸው፦ ሁለት እፍኝ፣ እያንዳንዱን ወደ ቀኝ ማክረር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ግራ መጠቅለል። ትልቁ ልጄ የሠራው አንድ ክንድ የሚሆን ገመድ አማቼ ሲስበው አልተበጠሰም።

ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተኛ፤ እኔም ጭምር።

ማታ ቤት ስንደርስ እናቴ “እንዴት ነበር?” አለች። ማሙሽ አፉን ሊከፍት ሲል ዓይን ሰጠሁት። ሚጣ ግን ዓይን አታይም። ሁሉንም ነገረቻት።

እራት ከተበላ በኋላ ልጆቹ ሳሎን ወለል ላይ ፎጣ አነጠፉ። ፎይሉን ከወጥ ቤት ያመጣው ትልቁ ልጄ ነው። ጫማህን አድርግ አሉኝ። 43 ቁጥር ነኝ፤ አንዱ ፎይል አልበቃም፣ ሁለት ቀጠሉ። ረገጥኩ። ሚጣ እስክሪብቶ አምጥታ ተረከዙ አጠገብ “አባዬ” ብላ ጻፈችበት።